ያልተከፈተው ሞተር

ላንድሮቨሩ ከሐጂ መሐመድሰዒድ የሩዝ መፈልፈያ ጀርባ፣ ፊቱን ወደ ጣና አዙሮ፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት ቆሟል። የፊት ጎማዎቹ ስለተወሰዱ በሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ የኋላዎቹ አሉ፣ ንፋስ ግን የላቸውም። መብራቶቹ የነበሩበት ቦታ ሁለት ባዶ ጉድጓድ ሆኖ ቀርቷል። ቀለሙ አረንጓዴ እንደነበር የሚታወቀው በሮቹ ሲከፈቱ፣ ፀሐይ ባልደረሰበት ጠርዝ ላይ ብቻ ነው። ከበሩ እጀታ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ በክር ተለክቶ የተሰመረ የሚመስል ቡናማ መስመር መኪናውን ይዞረዋል፤ የዘጠና ስምንቱ ጎርፍ የደረሰበት ልክ ነው። ጭቃው በየክረምቱ ዝናብ ታጥቦ ሄዷል፣ መስመሩ ግን አልለቀቀም። ከመስመሩ በታች፣ ከኋላ ጎማዎቹ እስከ በሩ መርገጫ ድረስ መኪናው በሩዝ ገለፈት ተከቧል። ኮፈኑ ከዚያ ጎርፍ ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም።

ከመፈልፈያው ትንሽ ራቅ ብሎ ባለው በገብረማርያም ቤት ስለዚህ መኪና አይወራም። ገብረማርያም ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ላንድሮቨሩን ለሐጂ ሃያ ሁለት ዓመት ነድቷል። አሁን የእህል መጋዘን ዘበኛ ነው። ከቤቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው አቋራጭ በመፈልፈያው ግቢ ሥር ያልፋል፤ ስድስት መቶ አርባ እርምጃ ነው። በከብት ገበያው የሚዞረው መንገድ ደግሞ አንድ ሺህ አንድ መቶ እርምጃ ይሆናል። ልጁ አምሳል ገና ተማሪ ሳለች ሁለቱንም ቆጥራቸዋለች። አባቷ ጉልበቱ ሲታመምም፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ሲደርስም፣ የሚሄደው በከብት ገበያው ዞሮ ነው።

አምሳል ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ የውሃ መሳቢያ ሞተሮች ትጠግናለች። በዚያ የታኅሣሥ ማለዳ ሪሃና ያስጠራቻት የመፈልፈያው ዘንግ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ሌሊቱን ሙሉ ሲያፏጭ አድሮ ነው። ሪሃና የሐጂ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ አባቷ ከሁለት ዓመት በፊት ካረፉ ወዲህ መፈልፈያውን የምታንቀሳቅሰው እሷ ናት። አምሳል ሥራውን ስትጀምር ግቢው ውስጥ ሩዝ የጫኑ ሦስት ጋሪዎች ተራ ይጠብቁ ነበር። ጆንያ አንጥፋ በጀርባዋ ከማሽኑ ሥር ገባች፤ ከውጭ የሚታየው ከጉልበቷ በታች ያለው ብቻ ነው። የተበላውን ኩሽኔታ አውጥታ አዲሱን በመዶሻ እጀታ ቀስ እያለች እያስገባች ሳለ ከደጅ የማታውቀው ሰው ድምፅ ሰማች።

«ይኼ መኪና ምን ሆኖ ነው እንዲህ የቀረ?» አለ ሰውየው። በላቸው ይባላል፤ ከአዲስ ዘመን የመጣ ውራጅ ብረት የሚገዛ ነጋዴ ነው።

«ሹፌሩ ነዋ!» አለ ንብረት፣ የመፈልፈያው ሠራተኛ። ወረታ ከመጣ ገና ዓመት ከመንፈቁ ነው። «የደብረ ታቦር ዕለት ጠላውን ሲገለብጥ ውሎ፣ ሞተሩ እየሠራ ቀጥ ብሎ ውሃው ውስጥ ነዳው አሉ። ቁሐር ሚካኤል ላይ። ሐጂን ሜዳ ላይ የጣለ እሱ ነው።»

«አሣ ሊያጠምድ ይሆናላ!»

«ዋናተኛው ነው የሚሉት እስካሁን።»

ሁለቱም ሳቁ። ጋሪ ነጂዎቹም ሳቁ። ሪሃና አልሳቀችም፤ ማሽኑ ሥር ያሉት እግሮች የማን እንደሆኑ ታውቃለች። «ንብረት፣ በቃህ» አለች፤ ድምፅዋን ግን ከፍ አላደረገችም። አምሳል የቀሩትን ሁለት ብሎኖች እስክታጠብቅ ድረስ ከማሽኑ ሥር አልወጣችም። ስትወጣ በላቸው ከሪሃና ጋር የመጨረሻውን ቃል ይነጋገር ነበር፦ ዋጋው መቶ ሠላሳ ሺህ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በኦክስጅን መቁረጫ እዚሁ ግቢ ውስጥ ከታትፎ ሊጭነው። ከዚያ በመኪናው ጎን ሲያልፍ ጣሪያውን ሁለት ጊዜ ጠፍ ጠፍ አድርጎ ሄደ።

አምሳል እጇን በናፍጣ ታጠበች፣ በጨርቅ አደረቀች፣ መሣሪያዎቿን አንድ በአንድ ወደ ሳጥኑ መለሰች። ኩሽኔታው ድምፁ ጠፍቷል፤ ሩዙ መውረድ ጀምሯል። የምትሄድበት ሌላ ሥራ ነበራት፣ አልሄደችም። በየሽንኩርቱ ወቅት እየሠራ ከመስኖ ቦይ ውስጥ የወደቀ ሁለት ሦስት ሞተር ይመጣላታል። ውሃ እንደ አየር ታምቆ አያንስም፤ እየሠራ ያለ ሞተር ውሃ ሲውጥ ፒስተኑ ውሃውን እንደ ግድግዳ ይገጨዋል፣ ፒስተኑን የያዘው የብረት ክንድ፣ ቢየላው፣ ይጣመማል። የተጣመመ ቢየላ ከጓደኛው ቢያንስ አንድ ሚሊሜትር ያጥራል። ጠፍቶ ቆሞ ሳለ ውሃ የገባበት ሞተር ግን ይዝጋል፣ ተጣብቆ ይነክሳል እንጂ ቢየላው አይጣመምም። ይህን ለገበሬዎቹ ነግራ አታባራም፤ «ወድቆ ነው የጠፋው ወይስ ጠፍቶ ነው የወደቀው?» ብላ መጠየቅ አያስፈልጋትም፣ ብረቱ ይነግራታል። አስራ አምስት ዓመቷ ሳለ አንድ ማታ አባቷ ለእናቷ «ማጥፊያውን ስቤ ነው የወጣሁ» ሲል በግድግዳው ጀርባ ሰምታለች። ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሩ ቃል አልተነገረም፤ እናቷም ሳትመልስለት ሞተች።

«ሪሃና፣ ልየው?» አለች።

ሪሃና ወደየት እንደምትመለከት አየች። «እይው» አለች።

አምሳል ገለፈቱን በአካፋ ገለጠች። ላይ ላዩ ደረቅና ቀላል ነው፣ ንፋስ ይወስደዋል። ከአንድ ስንዝር በታች ግን ጠቁሯል፣ ተጣብቋል፣ በእጅ ሲይዙት ይሞቃል፤ ሲጨመቅ ውሃ ይወጣዋል። የመኪናው አካል አሉሚኒየም ስለሆነ አልዛገም፤ አካሉን የተሸከመው ሻንሲ ግን ብረት ነው። ሹል መዶሻዋንና ጠመኔ ይዛ ሥሩ ገባች። ከፊት ጀምራ በየስንዝሩ እየመታች፣ ደህና ድምፅ በሰጠበት ነጭ ነጥብ፣ መዶሻው በሰረገበት መስቀል እያደረገች ወደ ኋላ ሄደች። በቀኙ ሻንሲ ከሃያ ሁለት ምት አስራ ሦስቱ ደህና ነው፣ ዘጠኙ ተበልቷል። በግራውም ያው። ደህናው የሚያበቃበትና የተበላው የሚጀምርበት ቦታ ገለፈቱ ከሚጀምርበት ቦታ ጋር በሁለት ጣት እንኳ አይለያይም።

«ጎርፉ አይዶለም የበላው» አለች ከሥር ሆና።

«ታዲያ ምንድነው?»

«ጎርፉ ሦስት ሳምንት ነው የቆየ። ገለፈቱ አስራ ዘጠኝ ዓመት።»

ሪሃና አጎንብሳ አየቻት። «አባባ በየመስከረሙ አዲስ ያስጨምርበት ነበር» አለች። «እርጥበቱን ይመጥጥለታል ይል ነበር። ስልክ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ሩዝ ውስጥ እንቀብር የለ? እንደዚያ ነዋ። እኔም ከሞተ ወዲህ ሁለቱንም መስከረም አስጨምሬያለሁ።»

«ይመጥጣል። የመጠጠውን ግን አይለቅም።»

«ወላሂ፣ እያከምነው ነበር የመሰለን።»

አምሳል ከሥር ወጥታ የሹፌሩን በር ከፈተች። ወንበሩ ላይ የአይጥ ጎጆ አለ። ከመሪው በስተቀኝ፣ ከፊት ሰሌዳው፣ ከክሩስኮቱ በታች፣ ጥቁር ጉጥ ያላት ማጥፊያ አለች፤ ናፍጣ ሞተር የሚጠፋው እሷ ስትሳብ ነው። አምሳል ሳትነካት በባትሪ መብራት አየቻት። አልተሳበችም። ጉጧ እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ ገብታለች፣ ሞተሩ ሲሠራ እንደምትሆነው። አምሳል መብራቱን አጥፍታ ትንሽ ቆየች፣ እንደገና አብርታ አየች። ያው ነው።

«ኮፈኑን ልክፈተው?»

«አምሳልዬ፣ አትቀየሚኝ» አለች ሪሃና። «አምና አንዱ ልየው ብሎ መጥቶ መብራቶቹን ነቅሎ ጠፋ። ወንድሞቼም ድርሻ አላቸው። የገዛ ይክፈተው።» ከዚያ እንደ መሄድ ብላ ተመለሰች። «አባባ ሁለት ጊዜ መካኒክ አስመጥቶበታል፣ ታውቂያለሽ? ሁለት ጊዜም ሻይ አጠጥቶ ሰደዳቸው። እጃቸውን ኮፈኑ ላይ ሊያሳርፉ ሲሉ ተውት፣ ሌላ ጊዜ ይላቸዋል። ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።»

አምሳል የገባት መሰላት። ሐጂም ሞተሩ የሚናገረውን መስማት አልፈለጉም ነበር።

ከወንድሟ ከእንዳልካቸው ጋር የሚሠሩበት ጋራዥ ወደ ጎንደር መውጫው ላይ ነው፤ ሁለት በር ያላት የቆርቆሮ ቤት ስትሆን የተበታተኑ ሞተሮች ከግራ ወደ ቀኝ በመጡበት ቀን ተራ ይደረደሩባታል። ያን ቀን ዘጠኝ ነበሩ። ከዘጠኙ ሦስቱ ሥራቸው ያላለቀው ዘንጋቸው ባሕር ዳር ሄዶ ብረት በሚቀርጸው ማሽን፣ ቶርኖ ላይ መታረም ስላለበት ነው። መንገዱ ክፍት በሆነበት ሳምንት ሁለት ቀን ይፈጃል፣ በተዘጋበት ሳምንት ደግሞ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም፤ በዚህ መሐል የገበሬው ሽንኩርት ይደርቃል። ለዚህ ነው እህትና ወንድም ሁለት ዓመት ገንዘብ ያጠራቀሙት፤ አሮጌ ግን ደህና የሆነ ቶርኖ ባሕር ዳር ተገኝቶላቸው፣ ሻጩ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ሊያቆይላቸው ቃል ሰጥቷል። አምሳል በዚህ ገንዘብ ላንድሮቨሩን ልትገዛ እንዳሰበች ስትነግረው እንዳልካቸው መፍቻውን አስቀመጠ።

«እታለም» አለ፣ «ቶርኖው ሽንኩርት ያድናል። ላንድሮቨሩ ማንን ያድናል?»

«ሻንሲው ግማሹ ደህና ነው። የኋላውን ከላሜራ አጥፈን እንበይደዋለን። ካምቢዮውን አላየሁትም፣ ሞተሩን አላየሁትም። ከሌላ ሥራ ጋር ስምንት ወር ይፈጃል፣ አስርም ሊሆን ይችላል። ከዚያ በክረምት ቁሐር ሚካኤል ድረስ ሞተር የሚያመላልስ መኪና ይኖረናል። አሁን በአህያ ነው የሚመጣልን።»

«ይኼን ሁሉ ትናንት አስበሽው ነበር?»

«ትናንት ሊቆረጥ መሆኑን አላውቅም ነበር።»

እንዳልካቸው ስቆ ራሱን ነቀነቀ። በጎርፉ ዓመት የአስር ዓመት ልጅ ነበር፤ ኳስ ሜዳ ላይ «የዋናተኛው ልጅ» ሲሉት ተደባድቦ የሰበረው የፊት ጥርሱ ዛሬም ሲስቅ ይታያል። ሳቁ ቶሎ ጠፋ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቢየላው ተጣሞ ቢገኝስ?» አለ። «አሁን ቢያንስ አናውቅም እንላለን። ያን ጊዜ አባዬን ምን ልትይው ነው?»

ማጥፊያዋ እንዳልተሳበች አልነገረችውም። ከመደርደሪያው ላይ የመለኪያ መሣሪያዋን፣ ካሊፐሯን አንስታ ጠረገችው፣ መልሳ አስቀመጠችው፣ ለምሳ ወደ ቤት ሄደች።

ገብረማርያም ሌሊት ስለሚጠብቅ እስከ እኩለ ቀን ይተኛል። ስትደርስ ተነስቶ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የሽንብራ እሸት ይፈለፍል ነበር። ቤቷ ሁለት ክፍል ናት፤ ከሰሌኑ፣ ከወንበሩና በግድግዳው ላይ ካለው የአምሳል እናት ፎቶግራፍ በቀር ሌላ ነገር ገብቶባት አያውቅም። የሹፌርነት ዘመኑን የሚያስታውስ ምንም ዕቃ የለም፤ መንጃ ፈቃዱ እንኳ የት እንዳለ ማንም አያውቅም። አምሳል ከጎኑ ተቀምጣ አብራው መፈልፈል ጀመረች። ፍሬውን ሳህን ላይ፣ ልጣጩን ጋቢው ጫፍ ላይ ያደርጋል፤ ሲሠራ እጁ አይቸኩልም። እንዲህ ሆነው ብዙ ምሳ አሳልፈዋል።

«አባዬ፣ ላንድሮቨሩን ሊቆርጡት ነው። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት።»

ሦስት እሸት ፈለፈለ። «ይቁረጡት» አለ። ሌላ ሁለት ጨመረ። «ገለፈት ያስደርጉበታል እንዴ አሁንም?»

አምሳል ደነገጠች። «ማን ነገረዎት?»

«ማንም። ድሮም የረጠበ ነገር ሁሉ ገለፈት ውስጥ ይቀብር ነበር ሐጂ። አንድ ጊዜ ጫማውን ቀብሮ ስንፈልግ ዋልን።» ፈገግ ሊል ሲል ተወው።

«ልገዛው እያሰብኩ ነው።»

እጁ ቆመ። «ለምን?»

«ልፈታው። ሞተሩን።»

ገብረማርያም ዕድሜውን ሙሉ ሞተር ሲሰማ የኖረ ሰው ነው፤ ምን ማለቷ እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለጋትም። ሳህኑን ከጉልበቱ ላይ አንስቶ መሬት አስቀመጠው። ለረጅም ጊዜ ወደ ከብት ገበያው መንገድ ተመለከተ። ከዚያ ሲናገር ድምፁ የደከመ ሰው ድምፅ አልነበረም፣ የሚያስታውስ ሰው ድምፅ እንጂ። «ሁለት ጣሳ ጠጥቻለሁ። ይኸን ለማንም ክጄ አላውቅም፤ በዓል ነው፣ ጋበዙኝ። ስመለስ ውሃው ከመንገዱ ላይ ወጥቶ አየሁት። ከፍ ያለው ላይ አቆምሁ፣ ድንጋይ ከጎማው ሥር አደረግሁ፣ ማጥፊያውን ሳብሁ፣ የሚጎትትልኝ በሬ ላመጣ በእግሬ ሄድሁ። በሬዎቹን ይዤ ስመጣ መኪናው ያለበት ቦታ ጣና ሆኖ ጠበቀኝ።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«አታውቂም» አለ፣ ሳይቆጣ። «እኔም አላውቅ አሁን። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ አልሳብህም ሲልህ፣ እጅህ ራሱ ይጠራጠራል። ሌሊት መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጬ፣ ሳብሁት ወይስ የሳብሁ መሰለኝ? እላለሁ።» ሳህኑን መልሶ አነሳ። «ግዢው አልልሽም። ተዪውም አልል።»

አምሳል ስላየችው ጉጥ አልነገረችውም። ምሳውን በልተው ተነሱ።

ወደ መፈልፈያው የተመለሰችው በአቋራጩ ነው፣ ቀስ ብላ። ግቢው ሥር ያለው የግንድ ጉማጅ ላይ ተቀመጠች። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ነበር። ማጥፊያዋ ወደ ውስጥ ናት፤ ይህ አንድ ነገር ነው። አባቷ ጠጥቶ ነበር፤ ይህ ሁለት ነው። በሌላው በኩል ያላት የአንድ ሽማግሌ ቃል ብቻ ነው፣ እሱም ራሱ የተጠራጠረው። ገንዘቡ ቶርኖ መግዣ ነው። የሻንሲው ግማሽ ተበልቷል። እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ አስባ ስታበቃ አንድ ነገር ብቻ ቀራት፤ በአስራ አንድ ዓመት ሥራዋ ደንበኛ ሞተር አምጥቶ «ሳትፈቺው ምን እንደሆነ ንገሪኝ» ሲላት ነግራ አታውቅም። እንክፈተው፣ ከዚያ እንነጋገራለን ነው የምትለው። የተሰበረው ታውቆ ሳይጠገን የቀረ ሞተር አላየችም፤ ባለቤቱ ፈርቶ ሳያስከፍተው ጓሮ የበሰበሰ ግን በየቀበሌው አለ። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ይህን ሞተር የሚከፍት አይኖርም፣ የሚቀረውም ንብረት ለጋሪ ነጂዎች የሚያወራው ነው።

በላቸው አስር ደቂቃ ቀድሞ መጣ። የጭነት መኪናው ላይ ሁለት የኦክስጅን ሲሊንደርና መነጽር ያደረጉ ሁለት ሠራተኞች ነበሩ። አምሳል ከሪሃና ጋር ቆማ ሲያያት፣ «ኩሽኔታዋ ነሽ እንዴ?» አለ። «ምነው፣ ብረቱ ላይ ሰምና ጧፍ ልታበሪለት ነው?»

«ልገዛው ነው።»

በላቸው ላንድሮቨሩን አየ፣ እሷን አየ። «ዶሮ ልታረቢበት?»

«ከተነሳ ከአዲስ ዘመን ሰው እጭንበታለሁ። አንተንም ባዶ እጅህን እንዳትመለስ በነጻ።»

ሠራተኞቹ ሳቁ፣ በላቸውም ራሱ ሳቀ። ሪሃና ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ «ወንድም በላቸው፣ ቃል ሰጥቼህ ነበር፣ አፉ በለኝ» አለች። «ለነዳጅህ አስብልሃለሁ። ይኼ ዕቃ የነሱ ቤት ዕቃ ነው፤ ጠዋት መናገር ነበረብኝ።» ዋጋው ላይ አልጨመረችም፣ አልቀነሰችምም። በላቸው ጥቂት አጉረመረመ፣ የመፈልፈያውን ያረጀ ሲሊንደርና ሦስት ቁራጭ ዘንግ በርካሽ ወስዶ እርካታ እየታየበት ሄደ። አምሳል በስልኳ ገንዘቡን አዛወረች፤ መልእክቱ መድረሱን አይታ ስልኩን ኪሷ ከተተች።

ሪሃና የሹፌሩን በር ከፍታ ገባችና የአይጥ ጎጆውን ጠርጋ ተቀመጠች። ሁለት እጇን መሪው ላይ አደረገች። «ልጅ ሳለሁ፣ ከጎርፉ በኋላ እዚህ ከተጣለ ወዲህ፣ ተቀምጬበት ስንት ጊዜ ጎንደር ደርሼ ተመለስሁ!» አለች። «አባባ ሲፈልገኝ እዚህ ነው የሚያገኘኝ።» ቀኝ እጇ ከመሪው ወርዶ፣ ሳታየው፣ ጥቁሯን ጉጥ ጨበጠ፤ ሳበቻት፣ ገፋቻት። ጉጧ እየከረከረች ወጣች፣ እየከረከረች ገባች።

«ይችንም ትነኪያት ነበር?» አለች አምሳል።

«ያልነካሁት የለም። ምነው?»

«ምንም» አለች አምሳል። አንድ ማስረጃ ከፊቷ ጠፋ፤ ለአባቷም ሆነ በአባቷ ላይ የሚናገር አልነበረም። የቀረው ኮፈኑ ሥር ያለው ብቻ ነው።

አስር ሰዓት ላይ እንዳልካቸው፣ አምሳል ደውላለት፣ በተከራየው ትራክተር ላይ ቆሞ መጣ፤ ገመድና ሁለት ጎማ ይዟል። እህቱን ሳያያት ክሪኩን አወረደ። «ለባለ ቶርኖው ደወልኩ» አለ በመጨረሻ። «ለሌላ ሽጠው አልኩት። ሊያለቅስልኝ ምንም አልቀረው።» ከዚያ ስቆ ጥርሱን አሳያት። የፊት ጎማዎቹን ገጠሙ፣ የኋላዎቹን ነፉ፤ አንደኛው ያዘ፣ ሌላኛው እያፏጨም ቢሆን ጋራዡ ድረስ ይደርሳል። ገመዱን ካሰሩ በኋላ እንዳልካቸው፣ «መሪውን ማን ይያዝ?» ብሎ ቀና ሲል ንግግሩን አቋረጠ።

ገብረማርያም በግቢው በር ቆሟል። ጋቢውን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ፣ በአቋራጩ ነው የመጣው፤ ጫማው ላይ ያለው የመፈልፈያው ገለፈት ይናገራል። ማንንም ሳያናግር ላንድሮቨሩን አንዴ ዞረው። ከጎርፉ መስመር ላይ ጣቱን አሳርፎ ጥቂት ሄደ። ሪሃና ወንበሩን ለቃለት ወረደች፣ ጎንበስ ብላም ሰላም አለችው፤ በሰላምታው መልስ ላይ ስሟን ጨመረ፣ እንደ ልጅነቷ፣ «ሪሁ» ብሎ። ገብቶ ተቀመጠ።

ንብረት ከጆንያ ላይ ሆኖ ይመለከት ነበር። «አባት፣ መኪና ያውቃሉ እንዴ አንቱ?» አለ።

«ትንሽ» አለ ገብረማርያም። ከዚያ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ለእንዳልካቸው ጮኸ፦ «ቀስ ብለህ ሳብ፤ ይኸ ነገር ወደ ግራ ይጎትታል!»

እውነትም ጎተተ። ከግቢው ሲወጡ ግንቡን በአንድ ክንድ ነው የሳቱት። ንብረት ሽማግሌው የዚሁ መኪና ሹፌር እንደነበር ሪሃና ስትነግረው እጁን አፉ ላይ አድርጎ እስኪርቁ አየ።

ሞተሩ ነክሶ ስለነበር ወዲያው አልተፈታም። ኮፈኑን በሁለተኛው ቀን አነሱት። የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን ከነቀሉ በኋላ ዝገቱ እንዲላላ በየጉድጓዱ ናፍጣ እየሞሉ ሦስት ሳምንት ጠበቁ። ገብረማርያም ከዘብ ሥራው ወጥቶ ሳይተኛ በጠዋት ይመጣና የጎደለውን ናፍጣ ይሞላል። በሃያ አራተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ አራቱ ፒስተኖች አንድ በአንድ በእንጨት እየተመቱ ወጡ። ሪሃና ትልክላቸው የነበረውን ሻይ ያን ቀን ይዛ የመጣችው ራሷ ነበረች፤ ለምን እንደመጣች ማንም አልጠየቃትም። አምሳል ቢየላዎቹን ከፒስተኖቹ ለየቻቸው፣ አጠበቻቸው፣ አደረቀቻቸው፣ ጠረጴዛው ላይ ከዘረጋችው ወፍራም የመስኮት መስታወት ላይ ከአንድ እስከ አራት በተራቸው አስተኛቻቸው። አንዳቸውም አልተንገዳገዱም፤ ይህ ግን አይበቃትም። ካሊፐሩን አንስታ ዜሮውን አረጋገጠች። እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ ለክታ በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ጻፈች። ገብረማርያም ቁጥሮቹን ለማየት አልተጠጋም፤ ቀኝ እጁን፣ ማጥፊያ የምትሳብበትን፣ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አምሳልን ያያል።

«ስንት ይላል?» አለ።

አምሳል አራቱን ቁጥሮች ከላይ እስከ ታች አነበበችለት። በረጅሙና በአጭሩ ቢየላ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት መቶኛ ሚሊሜትር ብቻ ነበር፤ አንዳቸውም አልተጣመሙም።